ሙዚቃው ሳይቆም ማንም አይቆምም

የምነግራችሁ ነገር በእውነት የሆነ ነው። ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን ሜዳ...

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር።

አዎ፣ ይኸው ነው። ልጆች ሊሮጡ ነበር።

እኔ እዚያው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ኳስ፣ ገመድና ስፒከር አስፈርሜ እሰጣለሁ።

የስፖርት አስተማሪያችንን «ሻምፒዮን» እንለዋለን። ሆዱ ቀድሞት ክፍል ይገባል። ወደ ሻይ ክበብ ካልሆነ በቀር ሲሮጥ ያየው የለም። ስፒከሩን ይከፍትና «ሙዚቃው ሳይቆም ማንም አይቆምም!» ብሎ ውልቅ ነው። ርዕሰ መምህሩ ይህን «ዘመናዊ ዘዴ» ይሉታል።

አምና አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በዚሁ ዘዴ ስትሮጥ ወደቀች። አልተነሳችም። የታዘዘችውን የምታከብር ልጅ ነበረች፤ ጥፋቷ ይኸው ነው።

ስለ አሟሟቷ በተያዘው ቃለ ጉባኤ ላይ «ሙዚቃው ቆሞ፣ እያረፈች ሳለ ወደቀች» ተባለ። ሻምፒዮን ፈረመ። ርዕሰ መምህሩ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ያቀበልኩትም እኔው ነኝ።

ያን ረቡዕ የትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዋ መጡ። ዘዴው ካማራቸው በየትምህርት ቤቱ ሊዳረስ ነው።

ስፒከሩ ጮኸ። ልጆቹ ሮጡ። ሻምፒዮን ሪባን እንደሚቆርጥ ሰው ጣቱን አንስቶ ዘጋው።

ልጆቹ ቀጥ አሉ።

ኮቴው ግን... አልቆመም።

ዱብ... ዱብ... ዱብ...

«ማነው እሱ?» አሉ ተቆጣጣሪዋ።

«ንፋስ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ንፋስ ጫማ ማድረጉን ያን ቀን ሰማሁ።

ኮቴው ቀረበ። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁ። የምታለከልክ ልጅ ትንፋሽ በመሃላቸው አለፈ...

«ዝጋው!» ርዕሰ መምህሩ ሹክ አሉኝ።

«ዝግ ነው፣ ጋሼ።»

«ባትሪውን አውጣ!»

አወጣሁት። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።

ዱብ... ዱብ...

ሻምፒዮንን አልፎ ዞረ። እንደገና መጣ። በሦስተኛው ዙር የሻምፒዮን ፊት አመድ መሰለ።

«በቃ!» አለ። «በቃ የኔ ልጅ፣ ቁሚ! ሳልዘጋው... ሻይ ልጠጣ ሄጄ... ረስቼው ነው!»

ኮቴው ቆመ።

ተቆጣጣሪዋ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ። እኔ ወደ መሬት።

አቧራው ላይ፣ ሻምፒዮን ፊት ለፊት፣ ሁለት ትንንሽ የጫማ ዳናዎች ጎን ለጎን ነበሩ። ጫፋቸው ወደ እሱ።

ከዚያ... ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።