ሲንቄ የጫነ ሞተር

«ይህን ድስት አናቴ ላይ አልደፋም!» አሉ አዴ ዋፊቃ።

ጃራ ሄልሜቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። የአዳማ ባጃጆች መንጫጫት ጀምረዋል፤ ጎረቤቱም በየደጁ ብቅ ብሎ ያያል። የሚታይ ነገር ነበራ! ሆደ ሰፊ፣ ወንበሩ እንደ መደብ የተንጣለለ፣ ከጃራ ዕድሜ የሚበልጥ የሩቅ መንገድ ሞተር፤ ከኋላው ወንበር ላይ ደግሞ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ምላሳቸው ግን አንድ ቀን ታሞ የማያውቅ አሮጊት። በእጃቸው ቀጭንና ቀጥ ያለች በትር ይዘዋል።

«ካልደፉት አልነሳም፣ አዴ። ብንወድቅስ?»

«ልትጥለኝ ነው እንዴ የምትወስደኝ?»

«ላደርስዎ ነው።»

«እንግዲያው አምጣው። ሻሼ ላይ አድርገው። የሚያውቀኝ ሰው ካየኝ ግን አንተን ነው የምረግመው!»

በትሯ ሲንቄ ናት። የአርሲ እናት ልጇን ስትድር ታሲዛት ትሸኛለች። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በሁለት ጠበኞች መሀል ከቆመች፣ እሷን አልፎ የሚማታ ወንድ የለም፤ ካለም ከወንድ አይቆጠርም።

ትናንት ከቆላ ስልክ ተደውሎ ነበር። ቡርቃ ጉራቻ በሚሉት ምንጭ የተነሳ የላይኛውና የታችኛው መንደር ጎረምሶች ተቃጥረዋል፤ ዛሬ ከብቱ ለውሃ ሲወርድ ሊፋለሙ። በታችኛው በኩል የአዴ ዋፊቃ አንድ ወንድ ልጅ፣ አብዱናሲር አለ። በላይኛው በኩል የወንድማቸው ልጅ ሰንበታ አለ። ማንም ማንን ቢገድል ለቅሶው የእሳቸው ነው። የሁለቱ መንደር ሴቶች እንደሆኑ ሲንቄ ይዞ ለመውጣት «እናንተ ቅደሙ»፣ «የለም እናንተ ቅደሙ» እየተባባሉ ቀሩ። ለላይኛው መንደር ልጅ፣ ለታችኛው እናት የሆነች እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ለጉልበታቸው ሕክምና አዳማ ሴት ልጃቸው ቤት ከርመዋል። መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው መኪና አይገባም። ሞተር ይገባል፤ ሞተሩም ባለሞተሩም ካልከዱ።

የልጃቸው ጎረቤት ጃራ ሞተሩን ከአጎቱ ከገርባ ነው የወረሰው። ስለ ሞተር ሰው ሲመክረው አይወድም። ማታ ጎማውን ነፍቷል፣ ካቴናውን ዘይት አጠጥቷል፣ ፍሬኑን ሞክሯል፤ ይህን ማንም አይነቅፍበትም። ጠዋት ላይ ግን አንድ ጥበብ ጨመረ። የቤንዚን ታንኩ ክዳን ጎሚኒው፣ ማሸጊያ ላስቲኩ፣ አልቆ ያንጠባጥባል፤ ቤንዚን ደግሞ በዚህ ዘመን ሰው ተሰልፎ ውሎ ሲያጣ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የሚለምነው ወርቅ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ፌስታል አጥፎ፣ ክዳኑ ሥር ጠቅጥቆ፣ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። አንዲት ጠብታ አትወጣም። በራሱ ተደነቀ። ሰው በራሱ ሲደነቅ ነው መጠርጠር!

ከሶደሬ መታጠፊያ አልፈው አስፋልቱን ለቀቁ። አዋሽ በግራ በኩል ጭቃ ለብሶ ይጎተታል፤ ከዚያ ወዲያ ግራር፣ እሾህና ነጭ አቧራ ብቻ።

«ኩርባ ላይ ስጋደም አብረውኝ ይጋደሙ። አይቃወሙኝ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስቃወም ኖሬ ዛሬ ልተው?» አሉ። ግን ተጋደሙ። ጃራ ኩርባው ሳይደርስ ያቀዘቅዛል፣ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አይነካም፣ ሲወጣ ነዳጅ ይሰጣል። አሮጊቷ ይህን ሳይነገራቸው ልብ አሉና ወገቡን የያዙበትን እጅ ላላ አደረጉ።

አውሎ ነፋሱ በድንገት ነበር የመጣው። ከሜዳው እንደ ግንብ የቆመ አቧራ እየተሽከረከረ መንገዱን ዋጠው። ጃራ ዓይኑን አጥብቦ፣ እግሩን ከመርገጫው ሳያነሳ ሰንጥቆት ወጣ። ወጣና ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። ሦስተኛ ሳይደግም ሞተ።

«ምን ሆነ?»

«አቧራ ነው፣ አዴ። ካንዴላው ቆሽሾ ነው።»

እሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈቶ ጠረገ። ቤንዚን መኖሩን ለማየት ታንኩን ሲከፍተው «እፍፍፍ» አለ። መልሶ ወተፈው። ረገጠ። ተነሳ!

«አላልኩዎትም?» አለ እየኮራ።

«ብለሃል፣ ብለሃል። ንዳ!»

በደረቀው ወንዝ ጫፍ ሲደርሱ ጃራ ቆመ። ከአርሲ ተራሮች በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እንደ ልማዱ በእግሩ ወርዶ አሸዋውን እየረገጠ ተሻገረና የሚያሰምጠውን ለይቶ ተመለሰ። ደህና አደረገ። በዝቅተኛ ማርሽ፣ እኩል በሆነ ጉልበት ገባ። ግማሽ ላይ ሞተሩ አስነጥሶ ሞተ።

ረገጠ። እምቢ። ደግሞ ረገጠ።

«ጃራ፣ ይሄ የምሰማው ምንድነው?»

ጃራም ሰማ። ከላይ በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይንጓጓል። ጎርፍ!

«ይያዙ!» ብሎ ዘሎ ወረደ። አሮጊቷን እንደተቀመጡ መሪውን ጨብጦ ገፋ። ጎማው አሸዋ ነከሰ። አዴ ዋፊቃ ያን ጉልበታቸውን እየረገሙ ወርደው ከኋላ ገፉ። ጭቃማው ውሃ ግንድና የሞተ ፍየል ተሸክሞ ሲመጣ የኋላው ጎማ ገና ዳር መውጣቱ ነበር፤ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ላሰው። ማዶ ወድቀው ተነፈሱ።

«አሁንስ ምንድነው?» አሉ።

«እኔ እንጃ። ካንዴላው ንጹሕ ነው።»

«አንተን እንጥረግህ?»

ጃራ ግራ ገባው። ቤንዚኑ ውሃ የተቀላቀለበት መሰለው። ታንኩን ከፈተ፤ «እፍፍፍ» አለ። የአዴን ሻሽ ለምኖ ቤንዚኑን በጨርቁ እያጠለለ መልሶ ሞላው። ውሃ የሚባል የለበትም። ክዳኑን ከነፌስታሉ ጠረቀመ። ረገጠ። ተነሳ። አሁን አልኮራም። ለምን እንደሞተ ሳያውቅ፣ ለምን እንደተነሳም ሳያውቅ ነዳ። እንዲህ ያለ ሹፌር ከሞተሩ ይልቅ ያስፈራል።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል፣ ከቀይ ገደል ሥር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሞተ።

«አጎትህ እያለ እንዲህ ያደርግ ነበር?»

«በጭራሽ!»

«እንግዲህ ቂም ይዞብሃል።»

ጃራ የሽቦውን ጫፍ ነካካ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ ታንኩን ከፈተ። ፌስታሉን አውጥቶ ድንጋይ ላይ አኖረና አንገቱን ደፍቶ ወደ ታንኩ ውስጥ አፈጠጠ፤ ቤንዚን አለ። ታዲያ ምን ጎደለ? ግራር ሥር የቆመው ጥላ ሲንቀሳቀስ ያየው ቀና ሲል ነው።

ዝንጀሮ ነበር። አንድ አይደለም፤ ገደሉ ሙሉ። ከፊት የቆመው ወንዱ ጥጃ ያክላል፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አሳየ።

«አዴ... በትርዎን!»

«ሲንቄ ለሚያፍር ነው። ይሄ ምን ያፍራል? ዓይኑን አትየው፤ ዝም ብለህ ቁም!»

ጃራ መፍቻውን ጨብጦ ደረቀ። ሌሎቹ ከኋላ ይዞራሉ። ወንዱ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከጃራ እግር ሥር ደረሰ፣ እጁን ዘረጋና ሰማያዊውን ፌስታል ላፍ አደረገ። ምግብ ያለበት መስሎታል። የቀሩት እየጮኹ ተከተሉት። ጃራ የታንኩን ክዳን እንደነገሩ ጭኖ ሞተሩን ረገጠው፤ ተነሳ። ወደ ኋላ ሳያይ ፈተለከ።

ነዱ። የደረቀ ሰፊ ሜዳ አለፉ፣ አቀበት ወጡ። ሞተሩ አላስነጠሰም። ጃራ ግን ባሰበት። ሁለቱን ጊዜ ሠርቶለት ሞቷል፤ አሁን ምንም ሳይሠራለት ይበራል! ጉልበቱ ላይ ቤንዚን ሲፈናጠቅበት ፌስታሉን አሰበ። ያን «እፍፍፍ» አሰበ። ከአዲስ ጀሪካን ዘይት ሲቀዳ በላይ በኩል ካልበሱት እንደማይወርድ አሰበ።

«አፍኜው ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ማንን?»

«ሞተሩን! በላይ አየር ካልገባ በታች ቤንዚን አይወርድም። ክዳኑ መተንፈሻ ነበረው፤ በፌስታል የደፈንኩት እኔው ነኝ!»

አዴ ዋፊቃ ጀርባው ላይ ሲስቁ ሆዳቸው ሲነቃነቅ ተሰማው። «መካኒኩ ዝንጀሮው ነዋ! አንተማ ባለጋራዥ ነህ!»

ሳቃቸው ሳያልቅ መንገዱ በእሾህ ተዘግቶ አገኙት። ዱላና ጦር የያዙ ጎረምሶች ከድንጋዩ ጀርባ ወጡ። ከፊት የቆመው ረጅም ልጅ አዴን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። ሰንበታ ነው፤ የወንድማቸው ልጅ።

«አዳዳ» አለ፤ በአገሩ የአባት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። «ደህና ነዎት?»

«ደህና እንዳልሆን አንተ አለህልኝ አይደል? እሾህህን አንሳ።»

«እርስዎ ይለፉ፣ አዳዳ። ማን ይከለክልዎታል? ሞተሩ ግን እዚህ ይቀራል።»

ጎረምሶቹ ፈገግ አሉ። ያ ጉልበት በእግሩ ምንጩ ጋ እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል። ጃራ ቁልፉን ጨብጦ አዴን አየ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ይህ የባሰ ነው። ከመንገዱ ዳር፣ ውሃ ካቆረው ጉድጓድ አፍ፣ እርጥብ ሳር አስነጩና ሲንቄያቸውን ከሞተሩ መሪ ጋር በሳሩ አሰሩት።

«በል ንካው» አሉ። «ሲንቄ የተሳፈረበትን የነካ ሲንቄን ነካ። እጅህን ዘርጋ፣ የወንድሜ ልጅ። እናትህም ትስማው።»

ሰንበታ እጁን አልዘረጋም። ጎረምሶቹም ተያዩ፤ ሞተር ላይ የታሰረ ሲንቄ አባቶቻቸው አልነገሯቸውም። ይፈቀዳል? አይፈቀድም? ግራ ተጋብተው እያለ አንዱ እሾሁን በእግሩ ገፋ አደረገ። ሰንበታ ግን በአቋራጭ ቁልቁል ሮጠ፤ የቀሩትም ተከተሉት። ቀድመው ሊጀምሩት ነው!

ጃራ አፋፉ ላይ ሲደርስ ቡርቃ ጉራቻ ከታች ታየ። ከብቱ ተደበላልቆ ያገሳል፣ ሁለት ረድፍ ሰው ይጮኻል፣ ድንጋይ መወርወር ተጀምሯል። ሞተሩ አስነጥሶ ሞተ።

«ደግሞ?» አሉ አዴ። 

ጃራ አሁን መፍቻ አላወጣም። ሞተሩን ወዘወዘ፤ ታንኩ ባዶውን አንኳኳ። «ቤንዚኑ በመንገድ ተደፍቶ አልቋል። ቁልቁለቱ ግን ቤንዚን አይጠይቅም። አጥብቀው ይያዙኝ፣ አዴ።»

ለቀቀው። ኮረቱ ከጎማው ሥር እንደ ባቄላ ይንከባለላል። ፍሬኑን ድንገት ቢይዝ ይወድቃል፤ ቢለቅ ገደሉ ይጠብቀዋል። የኋላውን ፍሬን በስሱ ረገጠ፣ የፊቱን በሁለት ጣት ብቻ ዳሰሰ። ገደሉን አላየም፤ ዓይኑን የተከለው መድረስ የሚፈልግበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱ ረድፍ መሀል ባለችው ባዶ መሬት ላይ ነው። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ሲመጣ ማንም አልሰማም። መሀል ገብተው ቆሙ።

«ኡኡ!» አሉ አዴ ዋፊቃ።

«ቋ!»

ድንጋይ ነበር። አናታቸውን መታው። አንገታቸው ወደ ጎን ዘነበለ፤ ጃራ ዞሮ ሳይወድቁ አቀፋቸው። ጩኸቱ ሁሉ ተቆረጠ። ሲንቄ የያዘች እናት ተመታች! ማን ወረወረው? ከላይ ነው ከታች? የወረወረውም ራሱ ያወቀ አይመስልም። አብዱናሲር ዱላው ከእጁ ወደቀ፤ በማዶ ሰንበታ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ።

አዴ ዋፊቃ ቀስ ብለው ተቃኑ። ሄልሜቱ ጎኑ ተጎድጉዷል፤ ከሥሩ ያለው ፊት ግን ከነቁጣው ደህና ነው። ሲንቄውን ከመሪው ፈትተው ወደ ላይ አነሱት።

«ማነው የመታኝ?»

ሁለቱም ረድፍ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እሺ። እንግዲያው ሁላችሁም ናችሁ።»

ከሁለቱም መንደር ሴቶች በትራቸውን ይዘው እየጮኹ ሲወርዱ ታዩ። አሁን ማንም ማንን «ቅደሙ» አላለም። ሽማግሌ ተጠራ፤ ውሃው በፈረቃ እንዲጠጣ ተባለ። አብዱናሲርና ሰንበታ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው፣ አሮጊቷን ተሸክመው ጥላ ሥር አሳረፏቸው። ስድባቸውን እኩል አካፈሏቸው።

በማግስቱ ሰንበታ፣ ከየት እንዳመጣው ሳይናገር፣ በሃይላንድ ቤንዚን አመጣ። ከኪሱም ፌስታል አወጣ። «እንዳይፈስብህ፣ ጃራ፣ ክዳኑ ሥር...»

አዴ ዋፊቃ እጁን በሲንቄው ጫፍ ቸብ አደረጉት። ጃራ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ፣ መሀሉን በምስማር በስቶ፣ ለክዳኑ ጎሚኒ ሠራለት። ከዚያ ሞተሩን ዞረው፤ ጎማ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ክዳን። በመጨረሻ ጆሮውን ታንኩ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ትናንት ቢሆን ሰው ያየኛል ብሎ አያደርገውም። አዴም ወደ አዳማ ሕክምናቸው ሊመለሱ የተጎደጎደውን ድስት ሳይጠየቁ አናታቸው ላይ ደፉ።

ቀዩ ገደል ሥር ሲደርሱ ጃራ ሞተሩን አጠፋ።

«ደግሞ ሞተ?»

«አጥፍቼው ነው። የመካኒኩን ልስጥ።»

ለመንገድ የተሰነቀችውን ዳቦ ሙሉዋን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ወንዱ ዝንጀሮ ወረደ። ዳቦዋን አነሳ፣ አገላበጠ፣ አሸተተ፤ ሳይሰርቀው ምግብ ሲሰጠው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጃራን ትክ ብሎ አየው፤ ዳቦዋን አየ፤ ደግሞ ጃራን አየ።

ያን አስተያየት ጃራ ያውቀዋል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሞተሩን ያየው እንደዚያ ነበር።