አምስት ላይ የቆመው መብራት

የሂሳብ መምህሩ አስከሬን ሰኞ ጠዋት ቢሮው ወለል ላይ ተገኘ፤ አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል። የሞተው ቅዳሜ ነው፤ አስም ነበረበት። በአፉ የሚነፋው መድኃኒት ግን ውጪ፣ መተላለፊያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ቀርቷል። ጥበቃው የበሩን ማጠፊያ ነቅሎ ገባ እንጂ ቁልፉን አልነካም።

መርማሪዋ ቁልፉ ፊት ተገተረች። ሁለት መጫኛ ብቻ ነው ያለው፤ ዜሮና አንድ። ከላይ፣ ከዜሮ እስከ ስድስት የተጻፈባቸው ሰባት ትናንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። የበራው አምስት ነው።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ?»

«ወንድሜ እንደ ሰው ቁልፍ መግዛት መቼ ይሆንለታል!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «እንደ ኮምፒውተር፣ በዜሮና በአንድ ብቻ ቁጥር ይጽፉለታል፤ ሰባት ለምሳሌ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው። በተጫኑ ቁጥር፣ እስከዚያ የጻፉት ለሰባት ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ይዞ ያበራል፣ ሌላውን ይረሳል። ምንም ካልተረፈ ይከፍትልዎታል።» ፈገግ ሊል ሲል አፈረና አቀረቀረ።

አከፋፈቱን የሚያውቁት ሦስት ናቸው። ለየብቻ ጠየቀቻቸው። የሟቹ ባለቤት የሚገቡት በሰባት ቁጥር ነው፤ ወንድሙ በሠላሳ አምስት። በማግስቱ የዶክትሬት ጥናቷን የምታቀርበው ረዳቱ፣ «ሃያ አንድ» አለች መሬት መሬት እያየች።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ቁልፉን ፎቶ አንስታ፣ ወደ ዜሮ መልሳ፣ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበች።

«ቅዳሜ አንድ ሰው መጫን ጀምሮ ተወው። እትዬ፣ የእርስዎን ይሞክሩት።»

አንድ፣ አንድ፣ አንድ። መብራቱ በአንድና በሦስት አልፎ ዜሮ ገባ። ወንድሙም የራሱን ተጫነ፤ መብራቱ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ እንደገና አንድ፣ ሦስት፣ ዜሮ አለ። አምስት አልበራም።

«አሁን አንቺ።»

ረዳቷ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ ተጫነች። አምስት በራ። ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ለምን ተውሽው?»

«የጥናቴ ዋና ማረጋገጫ ከሌላ ሰው የተቀዳ መሆኑን ደርሶበት ነበር። ‹እስከ ሰኞ ለፈታኞችሽ ራስሽ ንገሪያቸው› አለኝ። ቅዳሜ ልለምነው መጣሁ። ትንፋሽ ሲያጥረው ሰማሁ፣ መድኃኒቱንም አየሁት። መጫን ጀመርኩ... ከዚያ፣ ዝም ቢልስ አልኩ።»

መርማሪዋ ረክታ ደብተሯን ልትዘጋ ስትል ባለቤቱ፣ «ምንም አላለሽም?» አሉ።

«የዜሮና የአንድ ድምፅ ይለያያል። ሰምቶ አወቀኝ። ‹አይዞሽ ልጄ፣ ሁለት መጫን ብቻ ቀረሽ› አለኝ።»

ባለቤቱ ግድግዳውን ተደገፉ።

መርማሪዋ ፊቷ ጋለ። ልጅቷን ለብቻዋ ልትጠይቃት ትችል ነበር። ሁሉንም የሰበሰበችው ብልጠቷን እንዲያዩላት ነው።

«ነይ፣ እንሂድ» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። በባለቤቱ በኩል ስታልፍ ቀና ማለት አቃታት።