ቧንቧው ባፏጨበት ጠዋት

መጀመሪያ የተሰማው ፉጨት ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጥርስ የሚያፋጭ ፉጨት። ገና ጎህ እየቀደደ ስለነበር ቦኖው ጋ የተሰለፉት ሴቶች የሰው መስሏቸው ዞር ዞር አሉ። የሚያፏጨው ግን ቧንቧው ነው፤ ውሃው ተቋርጦ አየር ይተፋል።

የውሃውን ኦፕሬተር ሊጠሩ ማጠራቀሚያው ወዳለበት ኮረብታ ከወጡት ጎረምሶች ጩኸታቸው ቀድሞ ወረደ። ኦፕሬተሩ ባዶው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ በጀርባው ተዘርሯል። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ አንድ ዓይኑ ከቦታው ወጥቷል፤ ደሙ በሲሚንቶው ወለል ላይ እስከ ማፍሰሻው ቀዳዳ ድረስ መስመር ሠርቷል። ከላይ፣ በክዳኑ ጠርዝ፣ ፀጉር የተጣበቀበት ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ተጋድሟል።

የፖሊስ መርማሪዋ በሞተር ሳይክል እስክትደርስ መንደሩ ፈርዶ ጨርሷል። በቦቴ መኪና ውሃ እያመጣ የሚሸጠው ሹፌር ከራሱ መኪና ጎማ ጋር ታስሯል። ከንፈሩ ተተርትሯል፤ ሁለት ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ከፊቱ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ጨብጦ ቆሟል።

«ድንጋዩን አስቀምጥ» አለችው።

«እሱ አይደል እንዴ የገደለው! ቧንቧ ሲደርቅ ማን ሆነና የሚጠቀመው?»

«አስቀምጥ አልኩህ። እሱ ከሞተ ማንን ልጠይቅ ነው፣ አንተን?»

ድንጋዩ ወደቀ። የወደቀው ግን እዚያው፣ እጅ ከሚደርስበት ነው።

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ላቡን እየጠረገ ተጠጋት። «እመቤቴ፣ ገዳዩን ቶሎ ካልነገሩን ይህን ሕዝብ እኔ አልችለውም። ቀጥቅጠው ይገድሉታል።»

«እንግዲያው አይቁሙ፤ ይምሩኝ» አለችና ኮረብታውን ቀድማው ወጣች።

ሬሳውን ብዙም አላየችውም። ያየችው መዝጊያዎቹን ነው። ወደ መንደሩ ውሃ የሚለቀው መዝጊያ ጥርቅም ብሏል፤ ማጠራቀሚያው ሲታጠብ ቆሻሻው የሚወጣበት ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሁለቱም መሽከርከሪያ ላይ በደም የተነከረ እጅ አሻራ ታትሟል። ከታች፣ ውሃው በፈሰሰበት ቦይ አፍ፣ ገና ቅጠሉ ያልጠወለገ የእሾህ አጥር ተጎትቶ ተጋርጧል። ከማጠራቀሚያው ክዳን አጠገብ የክሎሪን በርሜል ተገልብጦ ነጩ ዱቄት እርጥቡ ላይ ይጨሳል።

«ይህ በርሜል መቼ መጣ?»

«ከክረምቱ በፊት።»

«የፈሰሰው ዱቄት እኮ የሙሉ በርሜል ነው። እስከ ዛሬ አልተነካም ማለት ነው?»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። «ሕዝቡ ነው... ውሃው በረኪና በረኪና ይላል፣ ልንጠጣ ነው ወይስ ልብስ ልናጥብ እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣን። እኛም ኦፕሬተሩን ተወው አልነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቅማጡ ገባ። ሕፃናት ሞቱብን።»

ወርዳ ሹፌሩ ፊት ቁጢጥ አለች። «ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ወንዝ ማዶ፣ ቦቴዬን ስሞላ። ማን ያምነኛል?»

«ቧንቧው ሲደርቅ ገበያህ ይደራል።»

ሹፌሩ ደም ተፋ። «ይደራል! ግን እኔ ብገድለው መዝጊያ እዘጋለሁ? ደሙን ዝም ብዬ ወደ ቧንቧው ነበር የምለቀው። አንዴ ደም የጠጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ከኔ አይገዛም?»

«አፍህ ነው ያስደበደበህ» አለችው። ስትነሳ ግን ፊቷ ተለውጧል።

ቦኖው ጋ አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል። በሰልፍ የሚቀድማቸው ስለሌለ መንደሩ «እማማ ፊተኛ» ይላቸዋል።

«እማማ፣ ዛሬም ቀደሙ አሉኝ።»

«ቀድሜስ ምን አተረፍኩ ልጄ! ሞልቼ ላነሳ ስል ይቺ ቦኖ ጠባቂ ከየት መጣች ሳትባል ደርሳ በእርግጫ ደፋችብኝ። ዝገት አለው ትለኛለች። ኩልል ያለ ውሃ!»

«ቧንቧው ካፏጨ በኋላ ነው?»

«ኧረ በፊት! ስሰድባት እኮ ነው ማፏጨት የጀመረው። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ክፉ ተናግሬያት አላውቅም ነበር፤ ዛሬ አመለጠኝ።»

ቦኖ ጠባቂዋ ከቧንቧው ሥር ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች። የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

መርማሪዋ ሁሉንም በቦቴው ዙሪያ ሰበሰበች። ሹፌሩን አልፈታችውም፤ እንዲያዩት ፈለገች።

«ገዳዩ መዝጊያዎቹን የነካው ከገደለ በኋላ ነው፤ እጁ ደም ነበረው» ብላ ጀመረች። «ማጠራቀሚያው ሊታጠብ ስለነበር ጥቂት ውሃ ብቻ ቀርቶበታል፤ ሟቹ የወደቀው እዚያ ውስጥ ነው። ገዳዩ ወደ እናንተ የሚመጣውን ዘጋ፤ በደም የደፈረሰውን ደፋ፤ ከብትና ሕፃን እንዳይጠጣው ቦዩን በእሾህ አጠረ። ቧንቧ እንዲደርቅ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይደክምም። ይህ ሰው የፈራው ያን ውሃ እንዳትጠጡት ነው።»

«ታዲያ ማነው?» አለ ጎረምሳው።

«ጥቂት ውሃ አምልጦት ወደ ቦኖው ወርዷል። ስለዚህ ሮጠ። ሬሳው ሳይገኝ፣ ቧንቧው ሳያፏጭ፣ ውሃው መጠጣት እንደሌለበት አንድ ሰው ብቻ ያውቅ ነበር።»

እማማ ፊተኛ ከጀሪካናቸው ተነሱ። እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር።

«ክሎሪን ጥቁር ልብስ አይምርም» አለች መርማሪዋ ዝግ ብላ። «እህቴ፣ ቀሚስሽን ልቀቂው።»

ቦኖ ጠባቂዋ ለቀቀችው። ጫፉ ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል።

«ልጠይቀው ነው የወጣሁት» አለች። «በርሜሉን ለእጥበቱ ገና ሲከፍተው አየሁ፤ ሙሉ ነው። ልጄ ስትሞት ሙሉ ነበር። ለምን አልኩት። ‹ሽታው አስጠላን ያላችሁ እናንተ። አንቺስ ሻዬን አበላሸብኝ ብለሽኝ አልነበር?› አለኝ። ብዬዋለሁ። እውነቱን ነው፣ ብዬዋለሁ። አንዴ መታሁት። ዞሮ አየኝ። ዓይኑን ስላልቻልኩት ዓይኑን መታሁት። ከዚያ ስንቴ እንደሆነ እንጃ፤ በርሜሉን ገልብጦ ነው የወደቀው።»

«ይህን ሰው ሲደበድቡትስ?»

«ልናገር ልናገር ስል ዱላው ቀደመኝ።»

ሽታው አስጠላን ያላለ ከመሃላቸው አልነበረም። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል። ጎረምሳው እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ በጫማው ገፋ አድርጎ አራቀው።

መርማሪዋ የሴትዮዋን ክንድ ያዘች፤ በሌላ እጇ ሹፌሩ እንዲፈታ ምልክት ሰጠች። ገመዱ ሲላላ ሹፌሩ በጉልበቱ ወደቀ፤ የመኪናውን በር ተደግፎ ተነሳ። እያነከሰ ወደ ቦቴው ኋላ ዞረ፤ የእማማ ፊተኛን ባዶ ጀሪካን ጎትቶ የቦቴው መቅጃ ሥር ደገነው። እስኪሞላ ቆሞ ጠበቀ። ዘጋው፤ በጤነኛ እጁ ተሸክሞ ቦኖ ጠባቂዋ እግር ሥር አስቀመጠው።

«አንተ፣ ወዴት ነህ? ሐኪም ጋ ነው የምትሄደው!» አለችው መርማሪዋ።

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ «ቧንቧው እስኪታጠብ ከቦቴው ቅዱ፤ እኔ ከእንግዲህ ውሃ አልሸጥም» ብሎ ጀሪካኑ ላይ አኖረው። ከዚያ በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እግር ባዶ፣ የአቧራውን መንገድ ይዞ ሄደ።