ወደ ኋላ የተመለሰው ቋጠሮ

«ዶክተር፣ ዘገዩ እኮ» አለ ዓወል፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ የገባውን ወፍራም ሰው ትከሻ እየሳመ። «ልጁ ገና ሳይነጋ አረፈ። ለእናቱ እንኳ ይድረሱላት።»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ወንድሜ። ፖሊስ ነኝ። ሃምሳ አለቃ ዘርአ ዳዊት እባላለሁ።»

ዓወል እጁን ሰበሰበ። ከአሊዩ አምባ ቁልቁል ባለችው በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ዶክተር ታይቶ አያውቅም፤ ፖሊስ ግን በተጠራበት ቀን ይደርሳል። የጠራው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አብዱልሀሚድ ነው። ክሱም አጭር ነው፦ ነርሷ ደመቀች የዓወልንና የኩብራን የበኩር ልጅ አንቃ ገድላለች። ክሱ ከጸና ዛሬውኑ በካቴና ደብረ ብርሃን ትወሰዳለች፤ የዚያን ዘመን እስር ቤት ደግሞ መግቢያውን እንጂ መውጫውን የሚያውቅ አልነበረም።

ሃምሳ አለቃው ሆዱ ከማዕረጉ ቀድሞት የሚገባ፣ ካልተቀመጠ የማያስብ ሰው ነው። ዓይኑ ግን አይቀመጥም። ከፈኑን ገለጥ አድርጎ ሕፃኑን አየ። አፍንጫው ተጨፍልቋል። ጆሮዎቹ ታጥፈው ከራሱ ጋር ተጣብቀዋል፤ አንድ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ቆዳው እንደ ሽማግሌ ተሸብሽቧል። አንገቱ ላይ የጣት ምልክት የለም።

«አየኸው አፍንጫውን?» አሉ የዓወል እናት ሰሊሃ። የሰፈሩ አዋላጅም እሳቸው ናቸው። «ወላሂ፣ እላዩ ላይ ተደፍታ ስታፍነው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«እግሩንም እሷ ናት የጠመዘዘችው፣ እማማ?»

«ታዲያ ማን?»

«ጆሮውንስ? በስንት እጇ?»

ሃምሳ አለቃው ወደ ነርሷ ዞረ።

«ሲወለድ አለቀሰ?»

«እንደ ድመት፣ አንዴ» አለች ደመቀች። «ከዚያ ደረቱ እየጎደጎደ ታገለ። ኦክስጅን የለኝም። አፌን አፉ ላይ ገጥሜ ተነፈስኩለት። አፈነችው ያሉት እሱን ነው።»

«ምጥ ሲይዛት ውሃ ፈሰሳት?»

«ጠብ አላለም።»

ሃምሳ አለቃው ከኩብራ ስር የተነሣውን አንሶላ አስመጥቶ ዳበሰው። መሐሉ ላይ ደም አለ፤ ዳርና ዳሩ ውሃ ነክቶት አያውቅም። ቀና ሲል ሰሊሃ ወገብ ላይ የተጠመጠመ ባለ ቋጠሮ ክር አየ።

«ይሄስ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«የኩብራ ሆድ ነዋ። አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር በእምብርቷ ላይ አዙሬ፣ ጫፉ የደረሰበት ላይ እቋጥራለሁ። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር።»

«የመጨረሻው ቋጠሮ የትኛው ነው?»

የሰሊሃ ጣት ወደ ክሩ ዳር አልሄደም። ሁለት ቋጠሮ ወደ ውስጥ ተመልሶ ቆመ። «ልጁ ወደ ታች ወርዶ መስሎኝ...» አሉ ቀስ ብለው።

«ባለፈው ወር ሲስተር ኩብራን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ልካት ነበር» አለ ዓወል። «እኔን ግን ማኅበሩ ለመንደር ምሥረታው ቤት ክደን ብሎ አልለቅም አለኝ። የይለፍ ወረቀቱን ለእናቴ ሰጥቼ እሳቸው ወሰዷት።»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ከሰሊሃ ተቀብሎ ፊቱን አነበበ፤ ጀርባውን ግን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሊቀመንበሩን አስጠርቶ ሁሉንም በኩብራ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበ።

«ይህን ልጅ የሰው እጅ አልገደለውም» አለ። «የሚያድግ ልጅ የእናቱን ሆድ ያሰፋል። የእማማ ክር ግን ሆዱ መስፋቱን ትቶ መጥበብ እንደጀመረ ይናገራል። አንሶላው ደግሞ ደረቅ ነው። ሲስተር፣ ምን ማለት ነው?»

«የሽርት ውሃው አንሷል ማለት ነው። ውሃ ያጣን ልጅ ማኅፀን ይጫነዋል፤ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ እግሩን። ሆዷን ስዳብስ ክንዱ ከቆዳዋ ስር ይቆጠር ነበር። የላክኋትም ለዚሁ ነው።»

«ብትደርስ ይድን ነበር?» አለ ዓወል።

«እዚያ ሐኪም አለ። ምናልባት።»

«ምናልባት ብቻ?»

«እዚህ ምናልባትም የለም፣ ወንድም ዓወል።»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ገለበጠ። «ፊቱ ላይ ያለው የዓወል ስምና የጓድ ማኅተም ብቻ ነው። ጀርባው ላይ የኬላው ጠባቂ ‹ባለወረቀቱ ስላልተገኘ ሴቲቱ ተመልሳለች› ብሎ ጽፏል። ኩብራ ሆስፒታሉን አላየችውም። እማማ፣ ለምን ሸሸጉ?»

ሰሊሃ ሊቀመንበሩን ሳያዩ ተናገሩ። «ሌላ ወረቀት ብጠይቅ ተማረረች ብሎ ልጄን ለውትድርና ይመለምልብኛል ብዬ ፈራሁ። ኩብራንም እንዳትናገር አስማልኳት። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ልጁ ሲሞት ጥፋቱ ወደኔ መምጣቱ ነው። ነርሷ ደግሞ እዚህ አገር ዘመድ የላትም።»

ደመቀች አቀረቀረች።

«በእኛ ማኅበር ወረቀት የሚጻፈው በአባወራው ስም ነው» አለ ጓድ አብዱልሀሚድ። «አሠራር ነው።»

«ያረገዘው አባወራው ነበር?»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን እዚያው ቦርሳው ውስጥ ትቶ ቅጹን አወጣ። «ሲስተር ነጻ ናት። ጓድ፣ እርስዎንም በአሠራር የሚከስ ሕግ የለኝም። ግን እዚህ ‹ለሞቱ ምክንያት የሆነው› የሚል ባዶ መስመር አለ። ምን ልሙላበት?»

«የአላህ ቀደር ነው ብለው ይጻፉ።»

ኩብራ ከንጋት ጀምሮ ወደ ግድግዳው ዞራ እንደተኛች ናት። ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፦

«አላህ ማኅተም የለውም» አለች።