ፎቶ ያልተነሱት ልጆች

መጋቢት ላይ ነው። ቢታንያ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ ታደርሳለች። የዚያን ዕለት ጀልዴሳ ወዳለው ትምህርት ቤት የሄደችው ግን ሠላሳ አራት ተማሪዎችን ፎቶ ለማንሳት ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ደረቱ ላይ ይዞ ይቆማል፤ ፎቶው ባሕር ማዶ ላሉ ለጋሾች ይላካል።

የስድስተኛ ክፍሏ ፋርሂያ ተራዋ ሲደርስ ካርዱን ይዛ አንገቷን ደፋች።

«ቀና በይ የኔ ቆንጆ» አለቻት ቢታንያ።

ልጅቷ ቀና አላለችም። አንድ ቀጠን ያለ፣ ጣቶቹ በጠመኔ የነጡ ወጣት መጥቶ ካርዱን ከእጇ በቀስታ ወሰደ። የሒሳብ አስተማሪያቸው ጢሞቴዎስ ነበር።

«ክፍል ግቢ» አላት። ከዚያ ወደ ቢታንያ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የእኔ ተማሪዎች ቁጥር ይዘው አይነሱም።»

«መመሪያ ነው። ፎቶ ካልተላከ እርዳታው ይቆማል።»

«አውቃለሁ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያናደዳትም ይኸው ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ከተማ ስትመለስ ያው ሰው መኪናው ላይ ተሳፈረ። አርብ አርብ ድሬ ያሉትን እናቱን ይጠይቃል፤ ሹፌሩም ያውቀዋል። ሳይነጋገሩ ብዙ ከተጓዙ በኋላ፣ ጠዋት ቢታንያ ስትሻገረው ደረቅ የነበረው ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። እነሱ ጋ ጠብ ያላለ ዝናብ ደጋው ላይ ወርዶ ነበር። እስኪጎድል መቀመጥ ግድ ሆነ።

ከላያቸው ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከፊታቸው ቀዩ ውሃ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክሞ ያልፋል። ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ነገር፣ ድንጋዩም፣ የሰውየው ፊትም፣ ማር መሰለ።

«እኔም ካርድ ይዤ ተነስቻለሁ» አለ ሳያያት። «የተማርኩት በእናንተ ድርጅት ነው፤ ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ። ግን ፎቶዬ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሥሩ ‹አባት የለውም፤ ራት ሳይበላ ያድራል› ይላል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የመጡ የክፍሌ ልጆች አነበቡት።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም። ከማግስቱ ጀምሮ ምሳቸውን ያካፍሉኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ እኩል ሆነን ተጫውተን አናውቅም።»

ውሃው ጎድሎ ሹፌሩ ሲጠራቸው ሁለቱም ለመነሳት ዘገዩ።

ሰኞ ቢታንያ ወደ ኃላፊዋ ወደ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ቢሮ ገባች። ልጆቹ ፎቶው ቀርቶ ስለራሳቸው ደብዳቤ ይጻፉ አለች።

«ልጄ፣ ሰው ያላየውን ማመን ይከብደዋል» አሏት። ሳምንት አሰቡበትና እሺ አሉ።

ደብዳቤዎቹን ለመሰብሰብ በየአርቡ ጀልዴሳ መመላለስ ጀመረች። በሶማልኛ የተጻፉትን ጢሞቴዎስ ይተረጉምላታል። ፋርሂያ የባቡር ሹፌር መሆን እንደምትፈልግ ጽፋ ነበር። እያነበበላት ፈገግ ሲል፣ ቢታንያ ወረቀቱን ትታ እሱን ስታይ ራሷን ያዘች። እሱም ቀና ሲል አገኛት። ማንበቡን ቀጠለ፤ ግን አንዱን መስመር ሁለቴ አነበበው።

ሰኔ ላይ መልስ መጣ። አሥራ አንድ ለጋሾች እርዳታቸውን አቋርጠዋል። የፋርሂያም አንዱ ነበር። እናቷ ሀምዲያ ለከርሞ ልጅቷ ፍየል እንደምትጠብቅ ተናገረች።

ጢሞቴዎስ ይህን ከሰማ በኋላ የቢታንያን ስልክ ማንሳት ተወ። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች።

«ልጅቷን ከትምህርት ያስቀራት የእኔ ኩራት ነው» አላት። «አንቺን ሳይ ያ ጥፋቴ ትዝ ይለኛል።»

«አቦ፣ ብቻህን አልወሰንክም። እኔም ወስኛለሁ።»

መስኮቱን እያየ ቀረ። እንባዋን መኪናው ውስጥ ጨረሰችው።

በማግስቱ የድርጅቱን አሮጌ መዝገብ አውጥታ ቀድሞ የተረዱ ተማሪዎችን ስም እየፈለገች መደወል ያዘች። ዐብዲናሲር ባቡር ጣቢያ ይሠራል፤ ዚነት ነርስ ሆናለች። ካርድ ይዘው የቆሙበትን ቀን አንዳቸውም አልረሱትም።

ለጢሞቴዎስ ብቻ አልደወለችም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በእነዚያ የቀድሞ ተማሪዎች ሞላ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ ተነበቡ። «ይቺን እኔ አስተምራለሁ» ይላል አንዱ፤ ሌላው ይከተላል። ፎቶ የጠየቀ አልነበረም። የፋርሂያ ተራ ሲደርስ ከወደ በሩ አንድ ድምፅ፣ «እሷን ለእኔ ተዉልኝ» አለ።

ቢታንያ ዞር ሳትል አወቀችው። ሀምዲያ ነግራው ነው የመጣው።

ስብሰባው ሲበተን ከዚራ ዛፎች ሥር ጎን ለጎን ተራመዱ። ባጃጆች ያልፋሉ፤ ጥላው እግራቸው ሥር ይወዛወዛል።

«አስቀይሜሻለሁ» አለ።

«በጣም።»

«አንድ ቀን ስለ ልጆቹ ሳናወራ ላግኝሽ?»

«ታዲያ ስለ ምን እናወራለን?»

«ዝም ብንልም ለእኔ ይበቃኛል።»

ሳቋን ለመያዝ ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ እስከ ደቻቱ ድልድይ አንድም ቃል አልተለዋወጡም። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። ማን ቀድሞ እንደያዘ፣ ተጋብተው ጀልዴሳ ቤት ከሠሩ በኋላም አልተስማሙም።