አልንቀሳቀስ ያለው ልጅ

ዚነት ጠዋት ተነስታ የስፌት መኪናዋን ልባስ ስትገልጥ ቺንጋው የለም።

መጀመሪያ የተበጠሰ መሰላት። ከመርገጫው ሥር ልትፈልግ ጎንበስ ስትል የአምስት ወር ሆዷ እንደ ድሮው አላስጎነብስ አላት። መሳቢያውን ከፈተች፤ ክር፣ መርፌና ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ከላይኛው ጎማ ወደ ታችኛው የሚዘረጋው ቀጭን የቆዳ ቺንጋ ከሌለ መኪናው ተራ ጠረጴዛ ነው። አረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት አሥራ አንድ የደንበኞች ቀሚሶች ግን እጅጌ እንኳ አልነበራቸውም።

ባሏ ታሂር በረንዳው ላይ ጫማውን ያስራል። አስሮ ፈታው፤ ደግሞ አሰረው።

«ታሂር፣ ቺንጋዬን አይተኸዋል?»

«የቱን ቺንጋ?»

«ስንት ቺንጋ አለኝ?»

ማሰሪያውን እንደገና ፈታ። ታሂር ውሸት አያውቅበትም፤ ሲጨንቀው እጁን ሥራ ያስይዘዋል።

«እናትህ ናቸው የወሰዱት?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዚነት መኪናዋን አውቶቡስ ላይ ጭና ከጎብዬ ቆቦ ከተማ የገባች ዕለት ነው። ታሂር ባለ ጋሪ ነበር። መኪናው እንዳይናጥ ብሎ ፈረሱን በልጓሙ እየሳበ፣ ከአስፋልቱ እስከ ተከራየችው ቤት በእግሩ ወሰዳት።

«ወንድሜ፣ ዛሬ እንደርሳለን?» ብላው ነበር።

«ስብርባሪውን ይዤልሽ ከምገባ ቢመሽ ይሻላል» አላት። ሳቀች።

አባቷ «ልጄን ለባለ ጋሪ አልሰጥም» ብለው ዓመት ሙሉ ሲከለክሉ ታሂር አልፎከረም፤ አልተጣላም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌው ይመለሳል፤ ደግሞ ይልካል። በመጨረሻ አባትየው ታክቷቸው ኒካሁ ታሰረ። ዚነት የወደደችው ያንን ትዕግሥቱንና ጥንቃቄውን ነበር። በ1973 መግቢያ፣ አምስተኛ ወሯን ስትይዝ፣ አንጀቷን ያሳረራትም ያው ጥንቃቄ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እሷም ከአልጋ አልወረደችም። በርበሬ ሲሸታት፣ የፈረሱ ላብ ሲሸታት ያስመልሳት ነበር። አራተኛው ወር ሲጋመስ ማቅለሽለሹ ድንገት ለቀቃት። እህል አማራት፤ ጥንቅሽ በጥርሷ እየላጠች ስትመጥ ትውል ጀመር። እርግጥ አንዳንዴ ባቷን ሸምቅቆ ይይዛታል፤ ከበላች በኋላ ደረቷን ያቃጥላታል፤ ጉንጯ ላይም ማዲያት ወጥቷል። ጉልበቷ ግን ተመልሷል።

«ታምሜ ስተኛ ‹ተነሺ እንጂ› ትሉኝ ነበር» አለችው በዚያ ጠዋት። «አሁን ስነሳ ‹ተኚ› ሆነ። እኔ መቼ ነው ልክ የምሆነው?»

«እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶባታል። ሁለቱም በአምስተኛው ወር፣ ወፍጮ ላይ ሆና። መርገጫው ማህፀን ይንጣል ትላለች።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ታሂር ጫማውን ትቶ ተነሳ።

«ብትነግረኝ እንጣላ ነበር፤ ባልና ሚስት ቢጣላ ምን አለበት? ግን እንደ ሌባ ተደብቀህ…» እንባ ቀደማት።

ታሂር ቺንጋውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«ክሊኒክ እንሂድ። ይጎዳል ካሉ ትተዪዋለሽ። አይጎዳም ካሉ ለእናቴ እኔው እነግራታለሁ።»

ነርሷ ጥሩወርቅ ትባላለች። ታሂር ደጅ ሊቀር ሲል «አንተም ግባ፤ ያንተም ጉዳይ ነው» አለችው። የዚነትን ሆድ እየዳሰሰች ሁሉንም ሰማች።

«መስፋትሽን ስፊ። ግን ብዙ ሰዓት ጎብጠሽ አትቀመጪ፤ እየተነሳሽ ወዲያ ወዲህ በይ። ስትተኚ በጎንሽ ተኚ። ደም ካየሽ፣ ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ፊትና እጅሽ ካበጠ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።»

ዚነት ባሏን ‹ሰማህ?› በሚል ዓይን ገላመጠችው።

«ልጁ ተንቀሳቅሷል?» አለች ነርሷ።

የዚነት ፊት ተለወጠ። «እንጃ… አልመሰለኝም።»

ነርሷ የጽንሱ የልብ ምት የሚሰማበትን የእንጨት መስሚያ ሆዷ ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን ለጠፈች። ቦታ ቀየረች። ደግማ ቀየረች።

«አልሰማሁትም» አለች ቀና ስትል። «ይህ ማለት ክፉ ነገር አለ ማለት አይደለም። በዚህ መስሚያ ገና ላይሰማ ይችላል፤ ወሩንም ተሳስታችሁ ይሆናል። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን እንቅስቃሴውም ዘግይቶ ነው የሚታወቅ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

«ሁለት ሳምንት!» አለች ዚነት።

ቺንጋው ቦታው ገባ። ዚነት እግሯን መርገጫው ላይ አኖረች፤ መጫን ግን አቃታት። ያን ሁሉ የተጣላችለት ሥራ ፊቷ ተቀምጦ እግሯ አልታዘዝ አላት። በራሷ ተናደደች። የጎረቤት ሴት ሁሉ ባየቻት ቁጥር «ተራገጠ?» ትላለች። አማቷ እማማ ሰይዳ ሆዷን በዓይናቸው ብቻ ይለካሉ፤ ያ ባሰባት። ታሂር ከሥራ ሲገባ እጁን ሆዷ ላይ ያሳርፋል።

«አንሳልኝ!» ትለዋለች። «እንደታቀፈ እንቁላል አትጠባበቀኝ።»

በሦስተኛው ቀን ወንበር ስቦ ከመኪናው ማዶ ተቀመጠ።

«ስፊ፣ ዚነት።»

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ፈርቼ ነው ያንን የሠራሁት። ነርሷ ያለችውን ግን አብረን ሰምተናል።»

የጨርቁን ጫፍ ያዘላት። ዓይን ለዓይን ተያዩና መርገጫውን ቀስ ብላ ተጫነችው። እማማ ሰይዳ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ።

«እማዬ፣ ነርሷ ፈቅዳለች» አለ ታሂር። «እኔም ፈቅጃለሁ።»

ለእናቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም። እማማ ሰይዳ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ ለዚነት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነገሯትም።

አረፋ አራት ቀን ሲቀረው የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የቀረ ሰው የሚታደለውን ስኳር ስለማያገኝ ሁሉም መጥቷል። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ታረቀኝ ወረቀት ያነባል፤ ያነባል፤ አያልቅም። ዚነት ጀርባዋ ተቆርጧል፤ ሽንቷ መጥቷል። አግዳሚውን፣ ሙቀቱን፣ ታረቀኝን፣ ስኳሩንም በልቧ እየረገመች ሳለ ከእምብርቷ በታች አንድ ነገር ቶክ አደረጋት።

ሆዷ የጮኸ መሰላት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቶክ አለ።

ታሂርን በዓይኗ ፈለገችው። አየችው። እጇን አወዛወዘችለት፤ ሆዷን አሳየችው። ደም የታያት መሰለው። በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመደ መጣ።

«ጓድ ታሂር! ሥርዓት!» አለ ታረቀኝ።

«ሚስቴ…»

«ምን ሆነች?»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ዚነት ለሁለታቸው ብቻ እንዲሆን ፈልጋ ነበር።

«ተንቀሳቀሰ» አለች።

«ምኑ?» አለ ታረቀኝ።

የሴቶቹ ወገን በእልልታ ሞላ። ታረቀኝ ጠረጴዛውን ቢደበድብ ማን ይስማው! ባልና ሚስቱ ያን ጊዜ ወጥተው ደጁ ላይ ካለው ግራር ሥር ቆመዋል።

ታሂር እጁን አኖረ። ምንም የለም።

«አሁን ነበር እኮ! ወላሂ አሁን ነበር» አለች፣ ልታለቅስ ደርሳ። «ላንተ ሲሆን ዝም ይላል።»

«ግድ የለም። የትም አልሄድም።»

ውስጥ ንባቡ እንደገና ተጀመረ። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በአስፋልቱ ወደ ዋጃ የሚሄድ የጭነት መኪና አለፈ፤ አቧራው ሰከነ። ያን ጊዜ ታሂር እጁን እሳት እንደነካው መንጭቆ አነሳ።

«መታኝ!»

ሳቀና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ዚነት እጁን ይዛ መልሳ አኖረችው።

እማማ ሰይዳ ከስብሰባው ወጥተው ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ዚነት አየቻቸው። ቅያሜዋ አልወጣላትም፤ ፊቷን ልታዞር ነበር። የሴትዮዋ እጅ ሊዘረጋ ብሎ ሲመለስ አየችና ሄዳ እጃቸውን ያዘች። ወፍጮ ያሻከረው መዳፍ ነበር። ሆዷ ላይ አሳረፈችው።

«ቢስሚላህ» አሉ እማማ ሰይዳ።

ልጁ ጸጥ አለ።

«የተኛ መሰለኝ» አለች ዚነት።

«ይተኛ። እኔ ምን ያስቸኩለኛል?» እጃቸውን ግን አላነሱም። ቆይተው፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «አረፋ እኮ ደረሰ። የእኔ ቀሚስ ገና አልተቆረጠም» አሉ።

«ጨርቁን መች አመጡልኝ?»

«ዛሬ አመጣዋለሁ። እጅጌው ሰፋ ይበል።»