የስልክ ድምፅ

«ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው ወይስ ሰርግ?» አለች ኬዛያ።

እናቷ ሾንድራ መስታወት ፊት ቆማ ሊፒስቲክ ትቀባለች። አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። መብራቱ ስላስቸገራት አጥፍታው፣ በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ነው የምትቀባው። ከወለደች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም። ከትናንት ጀምሮ ራሷን ይዛ ትዞራለች፤ ሲጠይቋት ግን መልሷ ያው አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ»።

ኬዛያ ይህን «ደህና ነኝ» ማመን ትታለች። ዛሬ ቁርስ ላይ እናቷ ከፊቷ ዝንብ ስታባርር አይታታለች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ኬዛያ ዙሪያውን ብትፈልግ በቤቱ ውስጥ ዝንብ የሚባል ነገር አልነበረም። የምር የፈራችው ያኔ ነው። አባቷ የጭነት መኪናውን ይዞ ቴክሳስ ስለነበር ለእትዬ ቨርኒስ ደወለች።

እትዬ ቨርኒስ የሾንድራ አክስት ናቸው። ሲመጡ የመጀመሪያ ሥራቸው ቁም ሣጥን መክፈት ሆነ።

«ሰርግ አይደለም» አሉ የሾንድራን ዊግ እያስተካከሉ። «እዚያ ስትገቢ ከፊትሽ በፊት ልብስሽ ነው የሚታየው። የእኛን የጥቁሮቹን ሰው ዝርክርክ ብሎ ካገኙት ዞር ብለውም አያዩት። እናቴ በዚህ በሜምፊስ ከተማ ያለ ጓንት ሐኪም ቤት ገብታ አታውቅም።»

ኬዛያ ወጉን ታውቀዋለች። በእነሱ ቤት ሐኪም ዘንድ የሚኬደው እንደ ቤተ ክርስቲያን ተለብሶ ነው። ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ቁጣ አይታይም፣ የቤት ገመና አይዘረገፍም። ይህ ወግ ስንቱን እንዳሳለፈ ሲነገራት አድጋለች። ግን ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን አንዷ፣ ላትሪስ፣ በወለደች በሳምንቷ ራሴን ብላ ሄዳ፣ «እረፍት አድርጊ» ተብላ ተመልሳ፣ በማግስቱ ሞተች። ቀብሯ ላይ ሴቶቹ «የደም ግፊቷ እኮ ነው፤ ማን አያት ታዲያ?» ሲባባሉ ኬዛያ ሰምታለች። ላትሪስም አምሮባት ነበር የሄደችው።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ነርስ ወጣት ነጭ ናት። ፈገግታዋ አያልቅም፤ ኬዛያ ግን ፈገግታውን አላመነችውም።

«ውይ፣ ሲያምሩ» አለች ነርሷ። «እኔ በወለድኩ ሰሞን እንኳን ሊፒስቲክ ልቀባ ፀጉሬንም አላበጠርኩም።»

«በጣም አመሰግናለሁ፣ ደግ ነዎት» አለች ሾንድራ፣ በስልክ ድምፅዋ።

የስልክ ድምፅ ኬዛያ ያወጣችለት ስም ነው። እናቷ ከባንክ ሠራተኛ፣ ከርዕሰ መምህሩ፣ ከቤት አከራያቸው ጋር ስታወራ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ነው። ለስላሳ፣ የተለካ፣ የሌላ ሰው ድምፅ።

«ሕመምዎን ከአንድ እስከ አስር ቢሰጡት ስንት ይሆናል?»

«አራት።»

ኬዛያ ዞራ እናቷ ላይ አፈጠጠች። መኪና ውስጥ «ጭንቅላቴ ለሁለት ሊሰነጠቅ ነው» እያለች የመጣችው ሴትዮ ናት አራት የምትለው?

ነርሷ ግፊቷን ለካች። ማሽኑን አየት አደረገችና «ከፍ ብሏል፣ ግን አራስ መቼም እንቅልፍ የላትም» አለች። ማስታገሻ እንድትውጥና እንድትተኛ፣ ካልተሻላት ሐሙስ እንድትመለስ ነግራት ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች ኬዛያ በሹክሹክታ።

«ዘጠኝ ብላት ክኒን ሱስ የሆነባት ናት ነው የምትለኝ። ዝም በይ።»

«አራት ብለሽስ ምን አገኘሽ? ማሚ፣ አትፎግሪኝ። ቁርስ ላይ ዝንብ አልነበረም።»

ሾንድራ ግንባሯን ይዛ አጎነበሰች።

«አንቺ ልጅ፣ በትልቅ ሰው ነገር ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አሉ እትዬ ቨርኒስ፣ ሕፃኑን እሹሩሩ እያሉ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። ፀጉሯ የተንጨባረረ ነጭ ሴት በቢጃማዋ፣ አራስ ልጇን ባሏ አቅፎላት፣ «ራሴን፣ ኧረ ራሴን» እያለች ገባች። ነርሷ ስንት ነው ብላ አልጠየቀቻትም። ተሽከርካሪ ወንበር አመጣችና ይዛት ወደ ውስጥ ገባች። እትዬ ቨርኒስ ሴትየዋን እስከ በሩ በዓይናቸው ሸኟት። ከዚያ የሾንድራን ሊፒስቲክ አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

ኬዛያ ነርሷን ጠረጠረቻት። ወጉንም ጠረጠረችው፤ ይህን ያህል አምሮ የመጣን ሰው ማን ታመመ ይለዋል? ግን ማሽኑ ሊፒስቲክ አልተቀባም፤ ያየውን ተናግሯል። ነርሷ እሱንም አልሰማችውም። ታዲያ ማንን ነው የምትሰማው?

ሾንድራ ተነሳች። ግድግዳውን መያዝ ነበረባት።

«እንሂድ። ቁልፉ የታለ?»

የመኪናውን ቁልፍ እትዬ ቨርኒስ ሕፃኑን ሲያቅፉ ለኬዛያ ሰጥተዋት ነበር።

«እኔ ጋ ነው። አልሰጥም።»

«ኬዛያ።»

«ቤት ስንገባ የፈለግሽውን ያህል ቅጪኝ። እንደገና ሳይለኩሽ ግን አንሄድም። ላትሪስም እረፍት አድርጊ ነው የተባለችው።»

እትዬ ቨርኒስ ስሙን ሲሰሙ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ ጠበቅ አደረጉት። ሾንድራ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ።

«ልነግራት አፌን ስከፍት ያ ድምፅ ነው የሚወጣው» አለች፣ በራሷ ድምፅ። «ሌላ አላስተማሩኝም። ሂጂ፣ አንቺ ንገሪያት።»

ኬዛያ እትዬ ቨርኒስን አየቻቸው።

«ምን ታይኛለሽ?» አሉ እትዬ ቨርኒስ። «ሂጂ እንጂ። ድምፅሽን ደግሞ እንዳትቀንሺ።»

ነርሷ ተመልሳ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣለች። «የረሳችሁት ነገር አለ?» አለች አንገቷን ሳታቀና።

«አለ፣ ሲስተር። አራት አይደለም፣ ዘጠኝ ነው። ዓይኗ ላይም የሌለ ነገር እየታያት ነው። አራስ ናት። ግፊቷን እንደገና ይለኩና ሐኪም ይያት።»

«እናትሽ ራሷ እኮ አሁን...»

«ያለችውን አውቃለሁ።»

ነርሷ ወደ ወንበሮቹ አሻግራ አየች። ኬዛያ አብራት አልዞረችም። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ቆመች።